ምስሉ ሲጠራ

አክስቴ መስማት ያቆመችው በስምንት ዓመቷ ነው። ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት፤ ሳምንት ያህል አልጋ ላይ ከረመች፤ ስትነሳ ቤተሰቡ በሙሉ ያኮረፋት መሰላት። «አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ በየጥጉ አለቅስ ነበር» ብላ አጫውታኛለች። ቀስ በቀስ የሚንቀሳቀሰውን አፍ እንደ ጽሑፍ ማንበብ ለመደች። መናገሩን አልረሳችውም። ግን የገዛ ድምፅዋ ለራሷ ስለማይሰማት አንዴ ያለ ልክ ይጮኻል፣ አንዴ ደግሞ ሹክሹክታ ይሆናል። የማያውቃት ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። እኛ የእህቷ ልጆች ግን ከዚያ ድምፅ ጋር ነው ያደግነው።

ሥራዋ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። አዳራሽ ሙሉ ማሽን አንድ ላይ ሲንጫጫ ጆሮ አለኝ የሚለው ሁሉ ደንቆሮ ይሆናል፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ለማናገር የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮኻል። አክስቴ ግን በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ከተቀመጠች ጓደኛዋ ጋር ዘና ብላ ስታወራ ትውላለች፤ ሴቶቹም ከእሷ ተምረው በከንፈር ብቻ መነጋገር ለምደዋል። የአለቆቹ ቢሮ ደግሞ በመስታወት የተከለለ ነበር።

«ዛሬ ምን እያሉ ነው?» ይሏታል።

ከኮሌታው ላይ ቀና ብላ ታይና «ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት አለ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጥርሱን አሞታል፤ ዛሬ ማንም እንዳይጠጋው» ትላለች። ውሎ አድሮ ነገሩ ተነቃበትና መስታወቱ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ። አክስቴ በዚያ መጋረጃ ልክ እንደ ሹመት ነበር የምትኮራበት።

ባሏንም ያገኘችው እዚያው ነው። የማሽን ጠጋኝ ነበር። ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል ሁሉም «ብሎን» ይለዋል፤ እኛ ዘመዶቹም በዚያው ቀረን። አንድ ቀን ማሽኗ ቆሞባት ሊሠራላት መጣና ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ አንድ ነገር አላት።

«ብሎኑን ትፋና አውራ» አለችው።

ተፋ። ግን ያኔ የሚመካበት ወፍራም ሪዝ ነበረው።

«ሪዝህ ደግሞ የቃሉን ግማሽ ይበላብኛል» አለችው።

በማግሥቱ ሪዙን ተላጭቶ መጣ። ታላቅ እህቱ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ በር ሲከፍቱለት «ማንን ፈልገህ ነው?» ብለውታል እየተባለ ስንት ዘመን ተሳቀበት።

ከንፈር ላይ «መ» እና «በ» አይለያዩም፤ በሁለቱም አፍ ግጥም ይልና ይከፈታል። እንጋባ ያላት ቀን አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ስትስቅ ጊዜ ቀልድ እንዳይመስላት ብሎ «የምሬን ነው» አላት። እሷ «የብሬን ነው» ያለ መሰላት።

«የምን ብር?» አለች በዚያ ልኩን በማያውቅ ድምፅዋ። «ካንተ ብር ወስጄ አውቃለሁ?»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት። ብሎን ሳቁ አልገታ ብሎት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፏ ላይ ጻፈላት። የዚያን ቀን እጇን ሳትታጠብ አደረች።

ልጅ አልወለዱም። እኔ እነሱ ቤት ስለማዘወትር እንደ ልጃቸው ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እንዴት ይኖሩ እንደነበር አውቃለሁ። ብሎን ለሷ ሲናገር ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል። መብራት ሲጠፋ ሻማውን በአገጩ ሥር ይይዝና ጋኔን መስሎ ወሬውን ይቀጥላል። እሷ ሰው መሀል ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ኮሌታውን ነካ ያደርጋል፤ ወዲያው ዝቅ ታደርጋለች። የሚጠራት «ልቤ» እያለ ነው። እንዲህ አለች አንድ ቀን፤ «ሰው እንዳውቅ የማይፈልገውን ነገር ሲያወራ ፊቱን ያዞርብኛል። እናቴም ታደርገው ነበር። እናትሽም ታደርገዋለች። አንቺም ታደርጊዋለሽ፣ አይቼሻለሁ። እሱ ብቻ ነው ፊቱን አዙሮብኝ የማያውቅ።»

እኔ ባገባሁ በአምስተኛው ወር ብሎን ሞተ። የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ የፋብሪካው ደረጃ ላይ ወደቀ። ሰው ጮኸ፣ ሮጠ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላውም እያቆመ ማሽኑ ሁሉ ጸጥ አለ። የአክስቴ ማሽን ብቻ ይሠራ ነበር። ጀርባዋ ለደረጃው ነው፤ ኮሌታዋን እየሰፋች ነው። እግሯ ሥር ያለው ወለል መንቀጥቀጡን ሲተው ግራ ገብቷት ቀና አለች። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ያያታል፤ የማንም አፍ አይንቀሳቀስም።

ልቡ ነው ተባለ። ድንገት ነው ተባለ። ያጽናናት የነበረውም ይኸው ነው፤ «እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅኩ» ትል ነበር።

ለቅሶው አልፎ ቤቱ ባዶ ሲሆንባት የሠርጌን ዲቪዲ ጠየቀችኝ። ፎቶ ሞልቷታል። «ፎቶ አፉን አይከፍትም» አለችኝ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ የእራት ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ ሲያልፍ የእኛ ዘመዶች ጋ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። እዚያ ላይ ብሎን ከእትዬ አጠገብ ተቀምጦ ወደሳቸው ጎንበስ ብሎ ያወራል። የእትዬ ጀርባ ነው የሚታየው፤ የሱ ፊት ግን ወደ ካሜራው ነው። ምን እንደሚል ማንም መስማት አይችልም፤ ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ተጭኖበታል። እንግዲህ ከአክስቴ በቀር ያንን ወሬ ሊደርስበት የሚችል ሰው አልነበረም።

ቅጂ አስገልብጬ ሰጠኋት። ቴሌቪዥኗ ያ ኋላው የተቆዘረ የድሮ ዓይነት ነው፤ የብሎን ፊት እዚያ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ደጋግማ ደጋግማ አየችው። ሙሽራዋን ዘልላ፣ ኬኩን ዘልላ፣ በቀጥታ እሱ ጋ ትሄዳለች። («የኔ ሠርግ እኮ ነው» እላታለሁ። «አንቺማ በሕይወት አለሽ» ትለኛለች።) ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ አንዲት ቃል ለቀመች። ፊቷ በርቶ ደወለችልኝ፤ እሷ አትሰማም፣ እኔ ግን እሰማታለሁና ዜና ሲኖራት እንደዚያ ነው የምታደርገው፣ ደውላ ተናግራ ትዘጋዋለች።

«አገኘሁት! 'ልቤ' ነው የሚለው። ስለኔ ነው የሚያወራላት!» አለችና ዘጋችው።

በዚያች ቃል ለዓመታት ኖረችባት። ከሥራ ደክሟት ትመጣና ጫማዋን ሳታወልቅ ዲስኩን ትከፍታለች፤ «ልቤ» ሲላት ታያለች፤ ከዚያ ትነሳና እራቷን ትሠራለች።

አንድ ቀን አሮጌው ቴሌቪዥን ጭስ አውጥቶ አረፈ። እኔም አዲስ ገዛሁላት፤ ግድግዳውን የሚሞላ፣ ስስ፣ ኤችዲ የሚሉት። ስናስገባው እንደ ልጅ ነበር የሆነችው። ወንበሯን አስጠጋች፣ መነጽሯን ወለወለች፣ «አሁን ሙሉውን አነባለሁ» አለች። ዲስኩን ከተትኩት።

የሆነው ጉድ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ወፍሯል። እኔ ነጭ ቀሚስ የለበስኩ ሊጥ ሆኛለሁ። የብሎን ፊት የድስት ክዳን አክሏል፤ ግን አፉ ካለበት ቦታ አንድ የታበሰ ነገር ብቻ ነው የሚታየው፣ ልክ ያልደረቀ ቀለም በጣት የተጎተተ ይመስል። አክስቴ ሪሞቱን ከእጄ ነጥቃ መለሰችው፣ አሳየችው፣ መለሰችው።

«'ልቤ' የለም» አለች። «ቃሌን ወሰደብኝ።»

ከዚያ በኋላ ነው ምስሉን የማጥራት ሩጫ የጀመርነው። የሠፈሩ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ «አንቴና» ይባላል። መጣ፤ ጭንቅላቱን ቴሌቪዥኑ ኋላ ቀበረና ማውራት ጀመረ።

«ፊትህን አዙር!» ብላ ጮኸችበት።

ደንግጦ ራሱን ከግድግዳው ጋር አላተመ። «ምን አጠፋሁ?»

«አፍህን ካላየች አትሰማህም» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር በነካ ቁጥር ብቅ እያለ አስረዳት። «እናቴ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ምስል ትንሽ ነው። የድሮው ቴሌቪዥንዎም ትንሽ ስለነበር ልክክ ይሉ ነበር። ይሄኛው ያንን ትንሽ ነገር ወስዶ በዚህ ሁሉ ስፋት ላይ ይለጥጠዋል።»

«እንደ ተለጠጠ ሹራብ።»

«እንደሱ! አዲስ ክር አልጨምርበትም፤ ዲስኩ ላይ የሌለውን ማንም አያመጣውም። ያለው ክር እንዳይበላሽ ግን ማድረግ እችላለሁ።»

መጀመሪያ ገመዱን ነቀለው። ያ ቢጫ ጫፍ ያለው ገመድ ምስሉን አጨማልቆ ነው የሚያደርሰው አለና ከሱቁ ሌላ ማጫወቻ አምጥቶ በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘው። ቀጥሎ የምስሉን ቅርፅ ወደ ልኩ መለሰው፤ ሠርገኛው ሁሉ በአንድ ቁልፍ ከሳ። ቀለሙን ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ተብሎ ከተከፈተበት አወረደው። «ሻርፕነስ» የምትለዋን ስታይ አክስቴ ጨምርልኝ አለችው፤ እሱ እስከ ታች አወረዳት።

«ሰው ይጠራልኛል ብሎ ጫፍ ያደርሳታል፤ የምትሠራው ግን ፊት ዙሪያ ነጭ መስመር ማስመር ብቻ ነው» አለ። «ይቺ ቀጥላ ያለችው ደግሞ ነጠብጣብ አጠፋለሁ ብላ ከንፈሩንም አብራ የምታብሰው ናት።» እሷንም አጠፋት።

ከዚያ የምስሉን ዳር ነካ። የድሮ ቴሌቪዥኖች ዙሪያውን ይቆርጡ እንደነበርና አዲሶቹም ካልከለከሏቸው እንደሚቆርጡ እየነገራት አንድ ቁልፍ ሲጫን ምስሉ ትንሽ ጠበበና በግራ በኩል ተደብቆ የኖረ ቀጭን ክፍል ብቅ አለ። እዚያ ክፍል ላይ፣ ከብሎን ቀጥሎ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ወደሚጨፍሩት ዞራ እየሳቀች ታጨበጭባለች።

«እኔ ነኝ!» አለች አክስቴ። «እኔ ነኝ እኮ! አጠገቡ ነበርኩ!»

እንደዚያ ስትደሰት ካየኋት ዘመን ነው። አንቴናን ሳመችው፤ ለመሳም ወንበር ላይ መውጣት ብቻ ነበር የቀራት።

ግን አፉ ሲንቀሳቀስ ገና እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሸነተር ነበር። አንቴና የማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ «ፕሮግሬሲቭ» የሚለውን ከፈተው፤ ሽንትሩ ጠፋ። ከዚያም ልክ ወሬው ጋ ሲደርስ ዲስኩ ተንቆራጠጠና ቆመ። አውጥቶ በብርሃን ሲያየው ስንት ዓመት የታየ ዲስክ ነውና ጭረት ብቻ ሆኗል።

«ቅጂ ነው፤ እሱም አልቋል» አለ። «ዋናው የለም?»

ዋናው እኔ ቤት ነበር፤ ከሳጥኑ ወጥቶ የማያውቅ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው መጣሁ። መጋረጃውን ዘጋን። አክስቴ ፀጉሯን አበጥራለች፤ ሊፕስቲክም ተቀብታለች። እኔ እንዳላየ ሆንኩ። ወንበሯን አንቴና እንደነገራት ራቅ አድርጋ ተቀመጠች፤ እኔ ሪሞቱን ይዤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ምስሉ ጥርት ያለ ነበር ብል ውሸት ነው፤ የዲቪዲ ምስል ያው የዲቪዲ ምስል ነው። ግን አፉ አፍ ነበር። የላይኛው ከንፈሩ፣ ሪዙን ከተላጨ ወዲህ ነጣ ብሎ የቀረው ቦታ፣ ሁሉም ይታያል። አክስቴ መጀመሪያ ፊቱን ብቻ አየች። ከዚያ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ወደ ኋላ። አሁንም ወደ ኋላ። ቀስ አድርጊው። በየመሀሉ በዚያ ዝርግ ድምፅዋ፣ የሰውን መልእክት እንደሚያደርስ ሰው፣ ታነባለች።

«'ልቤ...' ይኸውልሽ፣ 'ልቤ' አለ። 'ልቤ ነው...' መልሽው። 'ልቤ ነው አለኝ።' ማን ነው ያለው? መልሽው። 'ሐኪሙ።' 'ልቤ ነው አለኝ ሐኪሙ።'»

በሪሞቱ ላጠፋው ስል እጄን ያዘችው።

ቴሌቪዥኑ ላይ እትዬ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ብሎን ወደ ግራ ዞር ብሎ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችውን ሴት አየት አደረገ፤ ወደሱ አለመዞሯን አረጋገጠ። ከዚያ ተመልሶ ወደ እህቱ ይበልጥ ጠጋ አለ።

«'ለሷ እንዳትነግሪያት'» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኗል። «'ተመልከቻት፣ ደስ ብሏታል። ተያት።'»

ካሜራው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። ሰው ይበላል፣ ይስቃል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። አክስቴ አላለቀሰችም። ተነስታ ነጠላ ጫማዋን በጫማ ቀየረችና በሩን ከፈተች። እሷን ተከትዬ ስወጣ ቴሌቪዥኑን እንኳ አላጠፋሁትም።

እትዬ ቤት ስንደርስ ከገመድ ላይ ያወረዱትን አንሶላ እያጠፉ ነበር። አክስቴን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ እንደ ልማዳቸው የአንሶላውን አንዱን ጫፍ ዘረጉላት። አልተቀበለቻቸውም።

«ሐኪሙ ምን ብሎት ነበር?» አለቻቸው።

እትዬ ወደ እኔ አዩ። አንሶላው ከእጃቸው ተንሸራቶ መሬት ነካ።

«እሷን አትይ፤ እኔን እይኝ። ሐኪሙ ምን አለው?»

አክስቴ ባሏ ካመጣት ቀን ጀምሮ እትዬን «እርስዎ» ነበር የምትላቸው። «አንቺ» ስትላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። እሳቸውም የተመቱ ያህል በር ላይ ባለው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

«አስምሎኝ ነው» አሉ። «በእናታችን አስምሎኝ።»

«ምን አለው ነው የምልሽ!»

«ከባድ አታንሳ አለው። ደረጃ ስትወጣ እያረፍክ አለው። እሱ ደግሞ ለጊዜው ነው፣ መድኃኒቱ ያሽለኛል ይል ነበር። መድኃኒቱን እዚህ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ጎራ ብሎ ውጦ ይሄዳል።»

«ቁም ሳጥን አሸክሜዋለሁ!» አለች አክስቴ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ ኮሌታውን የሚነካላት ሰው የለም። «ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው ያንን ቁም ሳጥን ከግድግዳ ግድግዳ አዙርልኝ አልኩት! መሀል ላይ ሲቀመጥ 'ሰነፍክ፣ አረጀህ' ብዬ ሳቅኩበት! እሱም ሳቀ! ባውቅ ኖሮ ውሃ እንኳ አስቀዳው ነበር? አንቺ እያወቅሽ! ቤቴ መጥተሽ፣ ተቀምጠሽ፣ አፍሽን ገጥመሽ!»

እትዬ ማልቀስ ጀመሩ፤ ግን እያለቀሱም ፊታቸውን በእጃቸው አልሸፈኑም። እንድታነባቸው ብለው ይመስለኛል።

«እኔስ ልጄ? ከሞተ በኋላ ቤትሽ መምጣት ለምን የተውኩ ይመስልሻል? ፊትሽ ላይ አፌን መክፈት ፈርቼ ነው። አንዲት ቃል ብታመልጠኝ ታይብኛለች እያልኩ። በስልክ እንዳልነግርሽ አትሰሚኝ። በፊትሽ ደግሞ አልችል።»

አክስቴ አንሶላውን ተሻግራ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ከዚያ ድንገት፣ ያለ ልክ ጮክ ብላ፣ «ፊቱን አዞረብኝ» አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አያት። «እሱም እንደ ሌላው ሰው ፊቱን አዞረብኝ።»

ለወራት ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም፤ የአልጋ ልብስ ጣል አድርጋበት ነበር። ዲስኩን ውሰጂልኝ አለችኝ፣ ወሰድኩ። እንዳጽናናት ብዬ «እኮ አንቺን ስለሚወድ ነው» ስላት ፊቷን አዞረች፤ ሰውን ዝም ማሰኘት ስትፈልግ ማድረግ ያለባት ይኸው ብቻ ነው። ከምንም ከምንም ያቃጠላት ግን ያቺ የጠፋችው ቃል ናት። «ተሳስቼም ቢሆን ይዤው ብቀር ምን ነበረበት?» አለችኝ አንድ ቀን ሸሚዝ እየተኮሰች። «'ልቤ' ነበር የሚለኝ። አሁን ያቺን ቃል ሳስብ የሚታየኝ ሐኪም ቤት ነው።»

አንድ እሁድ ከሰዓት እዚያው ሳለሁ በር ተንኳኳ፤ ማለት ለሷ የበር አምፖል በራ። እትዬ ናቸው። ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። አክስቴ በሩን ከፍታ ወደ ውስጥ ተመለሰች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። እትዬ ገቡ።

«እዚህ ተቀመጪ» አለቻቸው የመስኮቱን ወንበር እያሳየቻቸው። «ያኔ እሱ ያለሽን ሁሉ ንገሪኝ። አምስት ወር ሙሉ ያለሽን። አንዲት ቃል ሳታስቀሪ።»

እትዬ ነገሯት። በየእሁዱ እየመጡ ነገሯት። አንዳንዱ ተራ ነገር ነበር፤ የመድኃኒቱ ምሬት፣ የጣራው ፍሳሽ ሳይጠገን እንዳይቀር ማሰቡ፣ ማሽኗን ከሱ ሌላ ሰው እንዳይነካባት መጨነቁ። አንዳንዱ ያስቃቸው ነበር፤ ሐኪሙ ጨው ተው ሲለው «ሚስቴ ከምትጠረጥረኝ ጨው ይግደለኝ» ማለቱን ሲነግሯት ሁለቱም እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ፣ ሳቁም መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አክስቴ ሁሉንም ታስደግማለች። «እንዴት ብሎ አለ? ፊቱ እንዴት ነበር?» ትላለች። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ከነዚያ እሁዶች በአንዱ መልሳ «እርስዎ» ማለት ጀመረች።

ከሁሉ የከበደው መጨረሻ የመጣው ነው። እትዬ ብዙ አመነቱ።

«ሊነግርሽ ፈልጎ ነበር» አሉ። «እኔ ቤት መስታወቱ ፊት ይቆም ነበር። ድምፅ ሳያወጣ 'ታምሜያለሁ' ይላል፣ በከንፈሩ ብቻ። ደግሞ ይለዋል። ምን እያደረግክ ነው ስለው 'እሷ ስታየው ምን እንደሚመስል ልወቅ ብዬ ነው' አለኝ። አንድ ቀን ብዙ ጊዜ ሲለው ቆየና 'በጣም ያስፈራል፣ አልችልም' ብሎ ሄደ።»

አክስቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የእትዬን አፍ ማየቷን አላቆመችም፤ አፉ ከተዘጋ በኋላም ታየው ነበር።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ ወዲያ የለም ልጄ።»

«ያስቡ እስቲ። ሌላ ያለው አይጠፋም።»

«ሌሊት ሁሉ ሳስብ ነው የማድረው። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። አለቀ።»

አክስቴ ተነስታ ሻይ አመጣችላቸው፤ ሲሄዱም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ክንዳቸውን ይዛ እስከ ፌርማታው ሸኘቻቸው። ስትመለስ እኔ ብርጭቆዎቹን አጥቤ ነበር። ቀሚሷን ሳትለውጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አሁን ሞተ» አለችኝ። ድምፅዋ ልክ ነበር፤ ከፍም ዝቅም አላለም። «እስከዛሬ ገና ያላየሁት ቃል ነበረው። አሁን ሞተ።»

ትከሻዋን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብናገርም አታየኝም፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ሲመሻሽ መብራቱን አበራሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባች።